የተፋቀው በር

አንድ ዘርጋው የሚባል አባወራ ነበር። በዓል በመጣ ቁጥር የቤቱን በር ቀለም ይቀባል፤ ፍቆ ግን አያውቅም። በአረንጓዴው ላይ ቡናማ፣ በቡናማው ላይ ሰማያዊ ሲደርብ ኖረ። በመጨረሻ በሩ ከቀለም ብዛት ወፍሮ አልገጥም አለ። ዘርጋው ግን ጥፋቱን በመቃኑ ያላክክ ነበር።

ልጁን ስንዱን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ሊመጡ ሲሉ፣ ዘርጋው አዲስ ቀለም ይዞ ገባ።

“ይህን እደርብበታለሁ” አለ ለሚስቱ ለአስካለ። “አንቺም አደራ፣ ስንዱ አግብታ መፍታቷን እንዳታነሺ። የሚያገባት ልጅ ቢያውቅም ወላጆቹ አልሰሙም። ገበና ይሸፈናል።”

አስካለ ደሟ ፈላ። ልጇ ዱላ ሸሽታ የመጣች ናት፤ ምን አጥፍታ ነው የምትሸፈነው? ነጠላዋን በአፍና በአፍንጫዋ ላይ አሰረች፤ በሩን በውኃ እያራሰች በመፋቂያ ትልጠው ጀመር። ሰማያዊው ወረደ፣ ቡናማው ወረደ። ከሥር የበሰበሰ ጠርዝ ብቅ ሲል ቆርጣ አወጣችው፤ ጉድጓዱንም በስቱኮ ሞላችው። ስንዱም ብርጭቆ ወረቀት ይዛ መጥታ ታለሰልስ ጀመር።

“አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል? እንግዶች በራቁት በር ሊገቡ ነው?” አለ ዘርጋው።

“ይግቡ! ጉድን መቀባት በቃኝ።”

ሽማግሌዎቹ ሲደርሱ በሩ ገና አልተቀባም። ዘርጋው አንገቱን ደፋ። አስካለ እጇ አቧራ እንደለበሰ ደጃፉ ላይ ቆመች።

“አባቶቼ፣ ከመቀመጣችሁ በፊት እወቁት። ልጄ አግብታ ነበር። ሰውየው ቢደበድባት ጥላው ወጣች። እኔ በዚህ አላፍርም። ከፈለጋችኋት ቤት ለእንግዳ ነው፤ ካልፈለጋችኋት በሩ ዛሬ ደህና አድርጎ ይዘጋል።”

ትልቁ ሽማግሌ በሩን ገፋ አደረጉት፤ ድምፅ ሳያሰማ ገጠመ። መልሰው ከፈቱት።

“እኛም ቤት አልገጥም ያለ በር አለ” አሉ። “ለካ መቃኑ አይደለም።” ይህን ብለው ቀድመው ገቡ።

በማግስቱ አስካለ የቀለሙን ጣሳ ለባሏ አቀበለችው። “አሁን ቀባው” አለችው።

ቀለም ምን በደለ? ክፉው ሳይፍቁ መደረቡ ነው። የደበቅነው ነገር ከሥር እየበሰበሰ፣ ከላይ እየወፈረ ይሄዳል። ያላጠፋን ሰው መሸፈን ደግሞ እንዳጠፋ መፍረድ ነው። እስቲ እናንተ ቤት አልገጥም ያለው በር የትኛው ነው? መቃኑን መውቀሳችሁን ትታችሁ መፋቂያውን የምታነሡትስ መቼ ነው?