መርፌው፣ ክሩና የአያ ጫኔ ዓይን

ይህ ተረት የሚያልፈው በመርፌ ቀዳዳ ነው፤ ሰብሰብ ብላችሁ ስሙት።

አያ ጫኔ የሚባል ገበሬ ነበር። ብዙ አይናገርም። በሬዎቹን እንኳ የሚጠራቸው በፉጨት ነው። ልጁ ስመኝ የመምህራን ኮሌጅ ደርሷት ልትሄድ ሆነ፤ መኪናው ከከተማ የሚነሣው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ጠዋት ከቤት ሲወጡ የቦርሳዋ ማንገቻ ብጥስ አለ። ስመኝ ልስፋው አለች።

«እኔ እሰፋዋለሁ» አለ አያ ጫኔ።

ዓይንህስ፣ አለችው። ዓይኔ ደህና ነው፣ አላት። ለእነሱ ይህ ረጅም ወግ ነው።

ከተማ ሲደርሱ እሷ የትምህርት ወረቀቷን ልታወጣ ሄደች። እሱ መናኸሪያው አጠገብ ዋርካው ሥር ተቀመጠ። ቦርሳውን ጭኑ ላይ አደረገ፤ መርፌውን ከባርኔጣው ጠርዝ ነቀለ፤ የክሩን ጫፍ በምራቁ አሾለ። የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክሩ መርፌው ውስጥ እንዲገባለት።

ክሩ አልገባ አለ። በግራ አለፈ፣ በቀኝ አለፈ፣ በቀዳዳው ግን አልገባ አለ። አያ ጫኔ መርፌውን ራቅ አደረገው፤ ትንሽ ታየው። አሁንም ራቅ አደረገው፤ የበለጠ ታየው። ደግሞ ሊያርቀው ሲል እጁ አለቀ። እጁን አገላብጦ ተመለከተው። አምና ይረዝም ነበር ብሎ አሰበ።

ቀና ሲል ከሜዳው ማዶ፣ ከገበያው ማዶ፣ አንድ ሰሌዳ ታየው። ሦስተኛ ክፍል ድረስ ተምሯልና ፊደል በፊደል አነበበው። የዓይን ምርመራ ይላል። ከሥሩ በደቃቁ የተጻፈውንም አነበበ። መነጽር ይሸጣል ይላል። ያን ያህል ማዶ የሚያይ ዓይን ጭኑ ላይ ያለውን መርፌ ማጣቱ አናደደው። ተነሣና ሄደ።

ደጃፉ ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት ተቀምጣለች። የዓይን ሐኪሟ ሶስና ነበረች። አያ ጫኔ ቃል አያባክንም።

«ለመርፌ ነው» አላት።

ሶስና ዓይኗን አጨንቁራ ወደ ድምፁ ዞረች። እዚህ መርፌ እንደማይወጋ፣ መርፌ የሚወጋው ጤና ጣቢያ እንደሆነ፣ እዚህ ዓይን ተለክቶ መነጽር እንደሚሰጥ ነገረችው። እንግዲያው መነጽሩን ስጪኝ አላት። መነጽሩ ያለው ክፍሉ ውስጥ ነው፤ ክፍሉ ደግሞ ተቆልፏል። የራሷም መነጽር ጠረጴዛው ላይ ቀርቶባታል፤ ያለ እሱ ከክንዷ ያለፈው ሁሉ ጉም ነው። ቁልፉ ዘበኛው ዘንድ ነው አለችው።

ክሩ አልገባ አለ፣ ዓይኑ አላይ አለ፣ መነጽሩ አልወጣ አለ፣ በሩ አልከፈት አለ። አያ ጫኔ ቦርሳውን እንደ ሕፃን አቅፎ ወደ ዘበኛው ሄደ።

ዘበኛው ዋለልኝ አጥሩ ሥር ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ዓይኑን ያሻል። አበባ በፈነዳ ቁጥር ዓይኑን ያሳክከዋል፤ ባሸው ቁጥር ይቀላል፤ በቀላ ቁጥር ያነባል። አያ ጫኔ ቁልፉን ጠየቀው።

«ነበረኝ» አለ ዋለልኝ።

ኪሱን ዳበሰ፣ ሣሩን ዳበሰ፣ የአያ ጫኔን እግርም ዳበሰ። ቁልፍ የለም። ሶስና የዓይን ጠብታ ጽፋለት ነበር፤ ወረቀቱ ግን ኪሱ ውስጥ ሰነበተ። ጠብታውን ብታመጣልኝ እንባዬ ይደርቃል፤ እንባዬ ሲደርቅ ቁልፉን እፈልጋለሁ አለ።

ክሩ አልገባ አለ፣ ዓይኑ አላይ አለ፣ መነጽሩ አልወጣ አለ፣ በሩ አልከፈት አለ፣ ቁልፉ አልገኝ አለ፣ የዘበኛው እንባ አልደርቅ አለ። አያ ጫኔ ወረቀቱን ይዞ መድኃኒት ቤት ገባ።

የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ወይዘሮ አትጠገብ ምን ልርዳህ አለችው።

«ለመርፌ ነው» አለ።

እጅጌህን ሰብስብ አለችው። አልሰበሰበም። ወረቀቱን ሰጣት። መነጽሯን አደረገች፤ መነጽሩ ከአፍንጫዋ ወደቀ። አንሥታ አደረገች፤ ደግሞ ወደቀ። የአንደኛው እግሩ ብሎን ወልቆ ጠፍቶ ነበር። ወረቀቱን በአንድ እጇ፣ መነጽሩን በአንድ እጇ ይዛ እንደምንም አነበበች። ጠርሙስ የምታወርድበት ሦስተኛ እጅ ግን አልነበራት፤ መነጽሩን ስትለቀው ደግሞ ጠርሙሶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኑባት። አያ ጫኔ አንዱን እንድታወርድለት ጠቆማት።

«የሰው ዓይን ነው፤ በግምት አልሰጥም» አለችው። ሰዓት ሠሪው ኢድሪስ ዘንድ ሄደህ ይህን መነጽር አስጠግንልኝ አለች።

ክሩ አልገባ አለ፣ ዓይኑ አላይ አለ፣ መነጽሩ አልወጣ አለ፣ በሩ አልከፈት አለ፣ ቁልፉ አልገኝ አለ፣ የዘበኛው እንባ አልደርቅ አለ፣ ጠብታው ከመደርደሪያ አልወርድ አለ፣ የአትጠገብ መነጽር አፍንጫዋ ላይ አልቀመጥ አለ። አያ ጫኔ ወደ ሰዓት ሠሪው ሄደ። አትጠገብም መነጽሯን ለሰው አምና አትሰጥምና፣ ሱቋን ዘግታ፣ የጋቢውን ጫፍ ይዛ ተከተለችው።

ኢድሪስ ከመስታወት ሳጥኑ ኋላ አንድ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ ተቀምጧል። ጠዋት የሰዓት ማሰሪያ ሲሞርድ የብረት ብናኝ ዓይኑ ውስጥ ገብቷል። ከዚያ ወዲህ ያለፈ ያገደመ ሁሉ ላውጣልህ እያለ መጥቶበታል፤ አንዱ በክብሪት እንጨት፣ አንዱ በነጠላ ጫፍ፣ አንዱ በምላሱ። ሁሉንም አባሯል። አሁን ደግሞ ባርኔጣ ያደረገ ኮስታራ ሰው ፊቱ ቆመ።

«ለመርፌ ነው» አለ አያ ጫኔ፤ እንዲገባውም መርፌውን አውጥቶ አሳየው።

ኢድሪስ ከነወንበሩ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። «አንተ ሰውዬ፣ እሱን ይዘህ አንድ እርምጃ ብትቀርበኝ እጮኻለሁ።»

አትጠገብ በመሐል ገብታ ነገሩን እስክታስረዳው ድረስ አልተረጋጋም። ከተረጋጋም በኋላ የመነጽር ብሎን የምታህለውን ነገር በአንድ ዓይኑ መያዝ አልሆነለትም። ብናኟን የምታወጣው ሶስና ብቻ ናት አለ። እንግዲያው ተነሣ አለው አያ ጫኔ።

ተነሡ። አያ ጫኔ ከፊት፣ አትጠገብ የጋቢውን ጫፍ ይዛ፣ ኢድሪስ የአትጠገብን ነጠላ ይዞ፤ አጥሩ ሥር ሲደርሱ ዋለልኝም የኢድሪስን ኮት ይዞ ተቀጠለ። ገበያተኛው ቆሞ ያያቸዋል። አንዲት ሴት ቀብር ነው ወይስ ሠርግ ብላ ጠየቀች።

ሶስና ብናኝ መሆኑን ስትሰማ ብድግ አለች፤ ይህ የሚቆይ ነገር አይደለም፣ በምንም እንዳትነካው አለች። ግን መብራቷ ክፍሉ ውስጥ ነው፣ መሣሪያዋ ክፍሉ ውስጥ ነው፣ መነጽሯም ክፍሉ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ክሩ አልገባ አለ፣ ዓይኑ አላይ አለ፣ መነጽሩ አልወጣ አለ፣ በሩ አልከፈት አለ፣ ቁልፉ አልገኝ አለ፣ የዘበኛው እንባ አልደርቅ አለ፣ ጠብታው ከመደርደሪያ አልወርድ አለ፣ የአትጠገብ መነጽር አልቀመጥ አለ፣ ብሎኑ አልያዝ አለ፣ ብናኙ ከኢድሪስ ዓይን አልወጣ አለ፣ ሐኪሟ አልገባ አለች፤ ምክንያቱም በሩ አልከፈት አለ። ዞረው ዞረው እዚያው በሩ ላይ።

ስምንት ሰዓት አልፏል። መናኸሪያው ውስጥ የመኪናው ረዳት ተሳፋሪ ይጣራል። ስመኝ መጥታ ማንገቻውን እንደተበጠሰ ልታገኘው ነው፤ ዓይኔ ደህና ነው ያለ አባቷም እፊቷ ሊቆም ነው። አያ ጫኔ አራቱን አንድ በአንድ አያቸው። አንዱ ያለቅሳል፣ አንዷ መነጽር ታነሣለች፣ አንዱ ዓይኑን ሸፍኗል፣ አንዷ ጉም ውስጥ ናት። ጀርባውን ሰጣቸውና ማዶ ማዶውን ያይ ጀመር።

ከዚያ፣ «ፍየል» አለ።

ምን አሉት።

«ጉብታው ላይ። አንገቷ ላይ ብረት ያበራል።»

ሶስና ወደ ጉብታው አየች፤ ጉብታውም አልታያት። ዋለልኝ ግን ማሸቱን አቆመ። ጠዋት ሁለት እጁ ዓይኑን ሲያሽ ቁልፉን የሚይዝለት አጥቶ ነበር፤ አጠገቡ የነበረችው ፍየሉ ናት። ፍየሌ ናት አለ፤ እሷ ላይ አስሬው ነው።

ያያት አያ ጫኔ ብቻ ነውና የሄደውም እሱ ነው። በፉጨት ጠራት። እንደ በሬዎቹ ፉጨቱ ገብቷት ይሆን ወይም ኩስትርናውን ፈርታ፣ ቀጥ ብላ ቆመችለት።

ያን ጊዜ ፍየሏ ተያዘች፣ ቁልፉ ተገኘ፣ በሩ ተከፈተ፣ ሐኪሟ ገባች፣ መነጽሯን አደረገች፣ ብናኙ ከኢድሪስ ዓይን ወጣ፣ ኢድሪስ በሁለት ዓይኑ አነጣጥሮ ብሎኑን ያዘ፣ የአትጠገብ መነጽር አፍንጫዋ ላይ ተቀመጠ፣ ጠብታው ከመደርደሪያ ወረደ፣ የዘበኛው ዓይን በረድ አለለት። ዋለልኝ መጀመሪያ ያየው ፍየሉን ነው። እዚህ ምን ትሠራለች ብሎ ቁልፉን መልሶ ሊያስርባት ሲል ሶስና ተቀበለችው።

የቀረው አያ ጫኔ ነው። ሶስና ግድግዳው ላይ ወዳለው ሰሌዳ አመለከተችው። ሦስት ሦስት ጣት ያላቸው ምልክቶች ተደርድረውበታል፤ ጣቶቹ ወዴት እንደዞሩ መናገር ነው።

«መንሽ ነው» አለ አያ ጫኔ። እህል ሲያዘራ የኖረበትን መንሽ የማያውቅ መስሏት ይሆን ብሎ ታዘባት። ወዴት ዞሯል ስትለው የላይኛው ወደ ወንዝ፣ ሁለተኛው ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ሦስተኛው ወደ ሰማይ እያለ እስከ መጨረሻው መስመር ወረደ፤ ከመስመሩ በታች ያለውንም የዝንብ ኩስ ቆጠረላት። በእጇ ያለችውን ትንሽ ካርድ ስታቀርብለት ግን አንድም መንሽ አልታየውም። መብራት ይዛ ዓይኑን ውስጡን አየችው። በሽታ የለበትም። እጅዎም አላጠረም አለችው፤ ዕድሜ ነው፤ ሩቁን ያያሉ፣ ለቅርቡ መነጽር ይበቃዎታል፤ በየዓመቱ ግን እየመጡ ያሳዩኝ። ቁጥር ሁለት መነጽር አወጣች።

መነጽሩ ወጣ፣ ዓይኑ አየ። አያ ጫኔ መርፌውን ከባርኔጣው ነቅሎ ክሩን አቀረበው። ገባ።

ሶስና መርፌውን ስታይ ሳቋ አመለጣት። «አባባ፣ እኔ እኮ ቅርቡ ያለ መነጽርም ይታየኛል። ያኔ ደጃፉ ላይ መርፌው ይሄ ነው ቢሉኝ ክሩን አስገባልዎት ነበር።»

አያ ጫኔ አሰበ። «የዛሬውን ብቻ» አለ፤ ከፍሎም ወጣ።

ዋርካው ሥር ተቀምጦ መስፋት ጀመረ። ክሩን አጠፈው፤ የበሬ ጠፍር እንደሚሰፋው አጥብቆ፣ ደርቦ፣ ወግቶ ሳበ፣ ወግቶ ሳበ። እያንዳንዷን ስፌት በመነጽሩ ሲያይ ደስ አለው፤ ከስፌቷ ሌላ ምንም አላየም። መኪናው ጡሩምባ ነፋ። ፈጠን አለ። ቋጨው፣ ክሩን በጥርሱ በጠሰ። ስመኝም ሮጣ ደረሰች።

አያ ጫኔ ቦርሳውን ሊሰጣት ተነሣ። ቦርሳው ሲነሣ ጋቢው አብሮ ተነሣ። ጎተተው፤ ጋቢው እሱን ጎተተው። የቦርሳውን ማንገቻ ከጋቢው ጋር ደርቦ ሰፍቶታል።

ስመኝ ስፌቱን አየች፣ መነጽሩን አየች፣ አባቷን አየች። «አባዬ፣ አብረኸኝ ልትሄድ ነው?» አለችው።

ረዳቱ ያጣድፋል። ስፌቱ የሚፈታ ዓይነት አልነበረም። አያ ጫኔ ጋቢውን ከትከሻው አወረደና ከነቦርሳው አሸከማት።

«እዚያ ይበርዳል አሉ» አለ።

መኪናው ተነሣ። አያ ጫኔ በመነጽሩ ቢያይ አቧራና ጉም ብቻ ሆነበት። አወለቀው። ያን ጊዜ መስኮቱ ታየው፣ እጇም ታየው፤ መኪናው ከጉብታው ማዶ እስኪሰወር ድረስ ዓይኑ ደህና ነበር።

ክራችን አልቋል፤ ጫፉን እዚሁ ቋጥረነዋል።