የረድኤት መድኃኒት

እስቲ ጠጋ በሉ፤ የረድኤትን ነገር ላውጋችሁ። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ከኤችአይቪ ጋር ነው የተወለደችው። እናቷ ከሞተች ወዲህ አክስቷ እታለም አሳደገቻት። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መድኃኒቷን። ብልቃጡ ውስጥ የቀሩት ሦስት ክኒኖች ናቸው፤ የሦስት ቀን።

ወደ ሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ሄደች። ፋርማሲስቱ፣ "አንቺ እኮ አድገሻል፤ ከአሁን በኋላ አዋቂዎች ክፍል ነሽ። ያለ አዲስ ማዘዣ አልሰጥም" አላት።

አዋቂዎች ክፍል ሄደች። "ፋርማሲስቱ መድኃኒት አልሰጥ አለኝ፤ ማዘዣ ይጻፉልኝ" አለች። ሐኪሙ፣ "እዚህ ካርድ የለሽም፤ አልጽፍም" አላት።

ካርድ ክፍል ሄደች። "ሐኪሙ ማዘዣ አልጽፍ አለ፤ ፋርማሲስቱ መድኃኒት አልሰጥ አለ፤ ካርድ አውጡልኝ።" ካርድ አውጪዋ ቀና ሳትል፣ "የዝውውር ደብዳቤ አምጪ" አለቻት።

በማግስቱ ሁለት ክኒን ቀራት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ወደሚያውቋት ወደ ሲስተር ወይንሸት፣ ወደ ልጆች ክፍል ሮጠች። "ካርድ አውጪዋ ካርድ አላወጣ አለች፤ ሐኪሙ ማዘዣ አልጽፍ አለ፤ ፋርማሲስቱ መድኃኒት አልሰጥ አለ። ደብዳቤ ይጻፉልኝ!"

"አሳዳጊሽ ካልፈረመች አልችልም፣ የኔ ልጅ" አሉ ሲስተር።

ቤት ስትደርስ የፈቃድ ወረቀቱንና እስክሪብቶ ለአክስቷ ዘረጋችላት። "እታለም፣ ሲስተር ደብዳቤ አልጽፍ አሉ፤ ካርድ አውጪዋ ካርድ አላወጣ አለች፤ ሐኪሙ ማዘዣ አልጽፍ አለ፤ ፋርማሲስቱ መድኃኒት አልሰጥ አለ። ፈርሚልኝ።"

እታለም እስክሪብቶውን ገፋችው። "አልፈርምም! የአዋቂዎቹ ወረፋ ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ነው። በሩ ላይ የምትፈትሸው ደግሞ ጎረቤታችን አሰለፈች ናት። ልጆች ክፍል ስትሄጂ ጉንፋን ነው እላለሁ። እዚያ ካየችሽ ግን ምን ልበል? ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። አከራዮቻችንም ከቤቱ ያስወጡናል" ብላ አለቀሰች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ረድኤት የመጨረሻዋን ክኒን ዋጠችና ሆስፒታሉ በር ጋ ሄደች።

"እትዬ አሰለፈች፣ አክስቴ እርስዎን ፈርታ አልፈርም አለች፤ ሲስተር ደብዳቤ አልጽፍ አሉ፤ ካርድ አውጪዋ ካርድ አላወጣ አለች፤ ሐኪሙ ማዘዣ አልጽፍ አለ፤ ፋርማሲስቱ መድኃኒት አልሰጥ አለ። መድኃኒቴ አለቀ። ከእንግዲህ እዚያ ወረፋ ላይ ሊያዩኝ ነው። ለሰው ይናገራሉ?"

እትዬ አሰለፈች ከሰው ገለል አድርገው ወሰዷት።

"እናትሽ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ በር እየገባች እዚያ ወረፋ ትቆም ነበር። ከኔ አፍ የሰማ ሰው ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"በይ ነይ።" በሩን ለባልደረባቸው ትተው እስከ ቤት አብረዋት ሄደው ያንኑ ለእታለም ነገሯት።

ከዚያማ እታለም ፈረመች፤ ሲስተር ደብዳቤውን ጻፉ፤ ካርድ አውጪዋ ካርዱን አወጣች፤ ሐኪሙ ማዘዣውን ጻፈ፤ ፋርማሲስቱም መድኃኒቷን ሰጣት።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ረድኤት እዚያ ወረፋ ላይ ስትቆም አሁንም ልቧ ይመታል። ግን ትቆማለች።