በጨው ውስጥ የከረመው ስልክ

በአንድ ወቅት፣ ሰው ልጁንም ሠርጉንም የእናቱንም ድምፅ በስልኩ ማኖር በለመደበት ዘመን፣ ሞጆ ከተማ ውስጥ ደምሰው የሚባል በያጅ ይኖር ነበር። የብረት በርና መስኮት ይሠራል። ሚስቱ ወይንሸት ትባላለች። ማርዳ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው።

ማርዳ ገና አፏን የፈታች ነበረች። አባቷን «አባዬ» አትለውም፤ እናቷ ስትጠራው የሰማችውን ይዛ «ደምሴ» ነው የምትለው። እሱ ሲበይድ ራቅ ብላ ትቆምና አንድ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና፣ በሌላው እያየች፣ «ደምሴ፣ እሳቱን እንዳታይ!» ብላ ትቆጣዋለች። ጎረቤት ይስቃል። ወይንሸት ስልኳን አውጥታ ትቀርጻለች።

ቤቱ ውስጥ ቪዲዮ የሚቀርጽ ስልክ የወይንሸት ብቻ ነበር። የደምሰው ከመደወል ሌላ ሥራ አያውቅም። የወይንሸት ስልክ ደግሞ ከሞላ ቆይቷል። ካሜራውን በከፈተችው ቁጥር «ቦታ የለም» ይላታል።

«ሚሞሪ ካርድ ግዛልኝ» ትለዋለች። «ወይ ስልክ ጠጋኙ ኑረዲን ጋ ወስደህ ፍላሽ ላይ አስገልብጥልኝ።»

«ትንሽ ታገሺ። ደመናው ሊመጣ አይደል እንዴ?»

ደመናው ማለት ወሬ ነው። አንድ ድርጅት ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ማከማቻ ሊሰጥ ነው ይባላል። ስልክህ ቢሰበር፣ ቢሰረቅ፣ ውሃ ቢገባበት፣ በውስጡ የነበረው ሁሉ እዚያ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅሃል፤ አዲስ ስልክ ስትገዛ ተመልሶ ይወርድልሃል። ማን እንደተናገረው የሚያውቅ የለም፤ ያልሰማ ግን አልነበረም። ለደምሰው ወሬውን የሚያመጣለት ግዛው የሚባል ባለ ባጃጅ ነው። ባጃጁን ከመበየጃው ደጅ አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ይነግረዋል።

«ለመስቀል ይጀምራል። የእህቴ ባል እዚያ የሚሠራ ጓደኛ አለው።»

መስቀል መጥቶ አለፈ።

«ለገና ነው ያሉት። እኔ መች ለመስቀል አልኩህ?»

ገናም አለፈ። የደምሰው ታላቅ ወንድም ሽፈራው ቆዳ ነጋዴ ነው፤ ከቄራና ከየቤቱ የሚሰበስበውን ቆዳ ጨው ነስንሶ በመጋዘን ያከማቻል። ይህን ወሬ በሰማ ቁጥር ይተክናል።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለው አንድ ቀን። «አንተ ጭራሽ ጥጃዋንም ሰማይ ልትሰድ ነው።»

«ጋሼ፣ አንተ ስለ ቆዳ ነው የምታውቀው።»

«ስለ ቆዳ አውቃለሁ። ዛሬ ጨው ያላየ ቆዳ ነገ ይሸታል።»

ደምሰው ሳቀ። ሥራም ነበረበት። ሌላ ጊዜ፣ አለ።

አንድ ጠዋት ማርዳ ከጎረቤት ዶሮ ጋር ተጣላች። ወገቧን ይዛ ትሰድባታለች፤ ዶሮዋም ትመልስላታለች። ወይንሸት ልትቀርጽ ስትል ስልኩ «ቦታ የለም» አላት። ስልኩ ውስጥ የሟች አባቷ ድምፅ ነበር፤ ለሠርጓ ሲመርቃት የተቀዳ፣ ሌላ ቅጂ የሌለው። እሱን አጠፋችና ልጇን ቀረጸች። ማታ ለባሏ ነገረችው።

«የአባቴን ምርቃት አጠፋሁት።»

«ምን አደረግሽ?»

«ቦታ አልነበረማ። እሱ አርፏል፤ እሷ እያደገች ነው።»

ደምሰው ነገ ካርዱን እገዛለሁ ብሎ ተኛ። በነጋታው ግዛው መጥቶ «ለክረምት ነው፣ አሁን ቁርጥ ነው» አለው። ካርዱ ሳይገዛ ቀረ።

ክረምት ገባ። ማርዳን ትኩሳት ያዛት። ሐኪም ቤት ወሰዷት። አልተረፈችም።

ከቀብር መልስ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ ሳለ፣ መደርደሪያ ላይ የተረሳው የወይንሸት ስልክ ጮኸ። ደምሰው ተነስቶ አየው። «ቦታ የለም» ይላል። ስልኩን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ። መዶሻ አንስቶ ስልኩን ድንጋይ ላይ አስቀመጠው። ሽፈራው ከኋላው ደርሶ ክንዱን ያዘ። ሁለቱ ወንድማማቾች ጭቃው ላይ ተያያዙ፤ መዶሻው ወደቀ፣ ስልኩ በሽፈራው እጅ ቀረ።

የሟች ዕቃ ከሐዘንተኛ ዓይን እንደሚሸሸግ የታወቀ ነው። ሽፈራው የልጅቱን ጫማ፣ ቀሚሷንና ግድግዳ ላይ የነበረችውን ፎቶ ሰበሰበ። ልብሱን ለአክስቷ ሰጠ። ስልኩን ግን ለማንም አምኖ አልሰጠም። አጥፍቶ በጨርቅ ጠቀለለውና መጋዘኑ ውስጥ ካለው የጨው ክምር መሃል ቀበረው። ዕድሜውን ሙሉ እንዳይበላሽበት የፈለገውን ሁሉ በጨው ያቆየ ሰው ነው፤ ሌላ ማቆያ አያውቅም።

ክረምቱ አለፈ። ሐዘኑ ባይበርድም እንባው ቀነሰ። ወይንሸት ለቤተ ዘመድ ሁሉ እየዞረች ስልኬን ስጡኝ ማለት ጀመረች። በመጨረሻ ሽፈራው ይዞላት መጣ። ጨርቁ ረጥቦ ደርቋል። የስልኩ ጠርዝ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል። ብትጫነው አልበራም።

«ጋሼ ሽፈራው፣ የት ነበር ያስቀመጡት?»

«ጨው ውስጥ።»

«ጨው ውስጥ?»

«ምነው? የበሬ ቆዳ እንኳ ሳይበላሽ ይከርምበታል እኮ።»

ወይንሸት ሳቀች። ልጇን ከቀበረች ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ሳቁ ሳያልቅ ወደ ለቅሶ ተለወጠ። ደምሰው ማንን እንደሚቆጣ አላወቀም። ወንድሙን እንዳይቆጣ፣ ከመዶሻ ያተረፈው እሱ ነው። ራሱን ደግሞ ሲቆጣ ከርሟል፤ ምንም አልፈየደለትም።

በግዛው ባጃጅ ተጭነው ሦስቱም ኑረዲን ጋ ሄዱ። ኑረዲን ስልኩን ተቀበለ። ፈታው፣ በማጉያ አየው፣ ቀና አለ።

«ጨው ቦርዱን በልቶታል። ሚሞሪው ግን ገና የሞተ አይመስለኝም። በሙቀት ነቅዬ በሌላ ማሽን ባነበው የሆነ ነገር ሊወጣ ይችላል።»

«ምን ያህል?» አለ ደምሰው።

«ምናልባት አንድ ቪዲዮ፣ ምናልባት ጥቂት። ምንም ላይወጣም ይችላል። ከነቀልኩት በኋላ ግን ይሄ ስልክ ተመልሶ ስልክ አይሆንም። ሁለተኛ ሙከራ የለም።»

«ንቀለው» አለ ደምሰው።

በር ላይ ቆሞ ይሰማ የነበረው ግዛው ዘሎ ገባ። «እንዳታስነቅል! ደምሴ፣ አልሰማህም እንዴ? ደመናው እኮ ክረምቱን በእኛ ከተማ ለሙከራ ተጀምሮ ነበር። በስልኩ መልእክት መጥቶለት ‹እሺ› የሚለውን የነካ ሰው ሁሉ ያለው በሙሉ ወጥቶለታል። ተቀምጧል። ሲከፈት ግን ቁልፉ ራሱ ስልኩ ነው አሉ፤ ያው ስልክ፣ ሳይነቀል።»

ወይንሸት ተቀምጣበት ከነበረው ወንበር ተነሳች። «መልእክት መጥቶልኛል። ማርዳ ትኩሳቷ ሲጀምራት፣ ታቅፌያት ነበር። ምን እንደሚል አላነበብኩትም። ዝም እንዲል ብዬ ‹እሺ› የሚለውን ነካሁት።»

«ወይኔ፣ በቃ ወጥቶልሻል!» አለ ግዛው።

ደምሰው የግዛውን ኮሌታ ያዘ። «አንተ ሰው! መስቀል አልከኝ፣ ገና አልከኝ፣ ክረምት አልከኝ። አሁን ደግሞ መጥቶ ነበር ትለኛለህ?»

«እኔ የሰማሁትን ነው...»

«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች!»

ሽፈራው አላቀቃቸው። ሁሉም ኑረዲንን ማየት ጀመሩ። እሱ ትከሻውን ነቀነቀ። «እኔም ሰምቻለሁ። እውነት ነው አልልም፤ ውሸት ነው አልልም። እኔ ስልክ እንጂ ወሬ አልጠግንም። ካልተነቀለ አጥቤ አደርቀዋለሁ። ደመናው ቶሎ ከመጣ፣ ቁልፍ ለመሆን ያህል ይነሳ ይሆናል። ጨው የገባበት ነገር ግን አይቆምም፤ በቆየ ቁጥር መብላቱን ይቀጥላል።»

ያን ቀን አልተስማሙም። ኑረዲን ስልኩን አጥቦ፣ አድርቆ፣ ገጥሞ ለወይንሸት መለሰላት። እሷም በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያዘችው። ስትተኛም አትፈታውም። ደምሰው ቋጠሮውን ባየ ቁጥር ውስጡ ያለው ጨው የራሱን ሥጋ የሚበላ ይመስለዋል። ድርጅቱ ቢሮ ሄዶ ጠየቀ። አንዲት ሠራተኛ «ለጊዜው የምንለው ነገር የለም፤ ሲጀመር ይገለጻል» አለችው። ለሙከራ ተጀምሮ ነበር ወይ አላት። «እሱንም ሲጀመር ይገለጻል» አለችው። ከዚያ ወጥቶ መንገድ ላይ ቆመ። አለ ቢሉት ይጠብቅ ነበር፤ የለም ቢሉት ይነቅለው ነበር።

ባልና ሚስቱ መነጋገር ተዉ። በአንድ ገበታ ቀርበው አንዱ ሲጎርስ ሌላው ይነሳል። ሽፈራው ይህን አየ።

አንድ ቀን ወይንሸት ገላዋን ልትታጠብ ነጠላዋን አስቀምጣ ገባች። ደምሰው ቋጠሮውን ፈትቶ ስልኩን ወሰደና ኑረዲን ጠረጴዛ ላይ አኖረው። «አሁኑኑ ንቀል» አለ። ኑረዲን ማሞቂያውን ለኮሰ። ሳይጀምር ወይንሸት ጸጉሯ ውሃ እያንጠባጠበ ደረሰች፤ መዳፏን ስልኩ ላይ ጫነች። መንገድ ላይ ስትሮጥ ያያት ሽፈራውም ከኋላዋ ገባ።

ደምሰው እንዲህ አለ፦ «ሳትሞት ካርድ ገዝቼ ቢሆን ዛሬ እዚህ አንቆምም ነበር። ያጠፋሁት በመጠበቅ ነው፤ በመጠበቅ ደግሜ አላጠፋትም። አንዲት ቪዲዮ ትውጣልኝ። ‹እሳቱን እንዳታይ› ስትለኝ ብሰማ ይበቃኛል። ባዶ ቢወጣም ባዶ መሆኑን ልወቅ። ወሬ ግን አልፈልግም።»

ወይንሸት እንዲህ አለች፦ «ልጄ በሕይወት እያለች ታገሺ አልከኝ፤ ታገስኩ። ዛሬ እኔ ታገስ ብልህ አቃተህ? ስልኩ የእኔ ነው። የቀረጽኳት እኔ ነኝ። የአባቴን ድምፅ ያጠፋሁት ለአንዲት ቁራጭ ብዬ አይደለም። ‹እሺ› የሚለውን ነክቻለሁ። እጄ ያደረገውን አውቃለሁ። ሁለመናዋ እዚያ ካለ፣ በሩን አንተ አትዘጋብኝም።»

ሽፈራው እንዲህ አለ፦ «ከመዶሻ ያዳንኩት እኔ ነኝ፤ በጨው ያበላሸሁትም እኔ ነኝ። ስለዚህ ለእኔ ስጡኝ፣ ወንዝ ልጨምረው።»

«ምን ይላል ይሄ ሰውዬ!» አለ ደምሰው።

«ስማኝ። ተነቅሎ ባዶ ከወጣ፣ እሷ እስክትሞት ይቅር አትልህም። ቆይቶ ከበሰበሰ፣ አንተ ይቅር አትላትም። ልጅቷን ቀብራችኋል፤ አሁን ትዳራችሁን እየቀበራችሁ ነው። ጥፋቱ በእኔ ይሁን፣ እኔን ጥሉኝ። ብትጠሉኝም ወንድም ከመሆን አልወርድም። ባልና ሚስት ግን እንዲህ ተጠላልቶ አይኖርም።»

«የእርስዎ ልጅ ብትሆን ይጨምሩት ነበር?» አለች ወይንሸት።

ሽፈራው እጁን ዘርግቶ ቆመ።

ኑረዲን ማሞቂያውን አጠፋና ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። «ተስማሙና ንገሩኝ» አለ። ስልኩ ከወይንሸት መዳፍ በታች ነው። የደምሰው እጅ የእሷን አንጓ ይዟል። የሽፈራው እጅ ባዶውን ተዘርግቷል። ከሦስቱ ማንም ፈቀቅ አላለም።

እንግዲህ ይህን የሰማችሁ፣ ዛሬ እስክትለያዩ ተከራከሩበት። አባትየው ዳግመኛ በወሬ አልታለልም ይላል፤ የመጀመሪያው መታለል የእሱ ነበር። እናትየዋ ለዚያ ስልክ አባቷን ሰጥታለች፤ ተስፋዋ ግን በባለ ባጃጅ አፍ ላይ ነው። ወንድምየው ስልኩን አድኖታል፣ ገድሎታልም፤ አሁን ደግሞ ሊጠላበት ፈቅዷል፣ ሊያጠፋው የሚፈልገው ግን የእሱ ያልሆነውን ነው። ጨው እስክትወስኑ አይጠብቅም። ስልኩን ለማን ትሰጡታላችሁ?