ከመቃብር የተነሳው ጀግና

የማተሚያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ወንድይፍራው፣ አንድ ሟች ደራሲ የጻፈውን ዝነኛ ልብ ወለድ «ክፍል ሁለት» ብለው ራሳቸው ቀጠሉት። በፊተኛው መጽሐፍ መጨረሻ የተቀበረውን ጀግናም ከመቃብር አስነስተው ዳሩት።

በመጽሐፉ ምረቃ ቀን የማተሚያ ቤቱን ምላሰኛ መጽሐፍ ጠራዥ እንግዶች ፊት አስጠሯት። የፊተኛውን ስትጠርዝ ሁለት ገጽ በእንባዋ ማበላሸቷን የማያውቅ አልነበረም።

«እስቲ ንገሪያቸው፤ የኔን ስትጠርዢስ አላለቀስሽም? ሥራሽን ከወደድሽ እንዳትዋሺ!» አሏት።

«ኧረ ጌታዬ፣ በእርስዎማ ብሶብኝ ነበር!»

አቶ ወንድይፍራው ደረታቸውን ነፍተው ወደ እንግዶቹ ዞሩ። «የቱ ጋ ስትደርሺ ነው ያለቀስሽው?»

«ገና ከመቃብሩ ሲወጣ ነዋ! በፊተኛው ‹ምነው ባልሞተ› ብዬ አለቀስኩ፤ በእርስዎ ደግሞ ‹ምነው ባልተነሳ› ብዬ።»