ፋሲካን ሰኞ ያዋለችው ተማሪ

አንድ ንጉሥ ዘመን ቆጠራ የሚጠናበት ከፍተኛ ትምህርት ቤት አቋቋመ። የትምህርት ቤቱ በር የሚከፈተው ዘመነ ማቴዎስ በገባ ቁጥር ብቻ ነው፤ ያመለጠው ሰው ማርቆስን፣ ሉቃስንና ዮሐንስን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። በሩ በሚከፈትበት ዓመት እንዲህ የሚል አዋጅ ተነገረ፦ «መደበኛውን ፈተና ያለፈ ሁሉ መጥቶ ያመልክት። ከዚያ በላይ ያለውን የረቀቀ ፈተና በፈቃዱ የወሰደ ሰው ውጤቱን ቢወድ ይናገር፤ ባይወድ አይገደድም።»

ትብለጥ የምትባል ተማሪ ይህን «አይገደድም» የሚል ቃል ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ አጣች። መደበኛውን ፈተና ከአገሩ ልጆች ሁሉ በልጣ አልፋለች። የረቀቀውን ግን ማንም ሳይገፋፋት ገብታበት ከአምስት ሁለት አግኝታ ወጥታለች። እናቷ ትብለጥ ብላ ስም ያወጣችላት ሁለት እንድታገኝ አልነበረም። ተናገሪ ቢሏት ትናገራለች፤ ዝም በዪ ቢሏት ዝም ትላለች፤ ምረጪ ሲሏት ግን መላው ጠፋት። ሰው ነጻነት ነጻነት ይላል እንጂ፣ አንዳንዴስ ቢያስገድዱን ምንኛ ባረፍን።

መጀመሪያ ነጋዴ አጎቷን ጠየቀች። «ጋሼ፣ ልናገር ወይስ ዝም ልበል?»

«ምን ነካሽ? የትኛው ነጋዴ ነው የነቀዘውን እህል ከላይ አድርጎ ገበያ የሚወጣው? ዝም በዪ። ዝም አይነቅዝም።»

ምክሩ ልቧ ገባ። ቤቷ ሳትደርስ ግን አንድ ነገር ከነከናት፤ ነገሩ ሌባ ሌባ ሸተታት። ወደ ሰፈሩ ዳኛ ሄደች። ዳኛው ጺማቸውን እያሻሹ፣ «ተናገሪ ልጄ፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሏት። አመስግና ወጣች። በማግሥቱ እኚሁ ዳኛ መንገድ ላይ አስቆሟትና፣ «ትናንት ያልኩሽን ሳስበው አደርኩ። ለመናገር አትቸኩዪ፤ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው» አሏት። እናቷ ደግሞ «ልብሽ ያለሽን አድርጊ» አለቻት። ልቧ ግን እሱም መካሪ ፍለጋ ከወጣ ሰንብቷል።

እንዲህ ስትዋልል ከረመች። ጠዋት ስትነሣ እናገራለሁ ትላለች፤ ምሳ ቀርቦ እስክትጎርስ ሐሳቧን ቀይራለች። መናገሩ ያስፈራታል፣ ዝምታውም ያሳፍራታል። አገሩ ሁሉ ተረት ያውቃል፤ ችግሩ ለእያንዳንዱ ተረት የሚያፈርሰው ሌላ ተረት መኖሩ ነው።

የማመልከቻው ቀን ደረሰ። ተራዋ ሲሆን በሩ አጠገብ ወደተቀመጡት ሽማግሌ መምህር ቀረበች። መምህሩ የመደበኛውን ፈተና ውጤት ሰምተው «ጎሽ» ካሉ በኋላ፣ «ስለ ረቀቀው ፈተናስ የምትነግሪኝ አለሽ?» ብለው ጠየቋት።

የአጎቷና የዳኛው ምክር ጉሮሮዋ ላይ ተጋጩ። «እውነትና ንጋት አይነቅዝም፣ የኔታ» አለች።

መምህሩ ትንሽ አሰቡ። «እንዲህ የሚል ተረት አላውቅም» አሏት።

እንባዋ መጣ። «ወድቄያለሁ፣ የኔታ። ከአምስት ሁለት ነው ያገኘሁት።»

«ከምን ላይ ነው የወደቅሽው?»

«እንዴት የኔታ?»

«ሰው ከዛፍ ላይ ይወድቃል፣ ከበቅሎ ላይ ይወድቃል። አንቺም ወደቅሁ ካልሽኝ፣ ከምን ላይ እንደወደቅሽ ንገሪኛ።»

ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። መካሪዎቿ ሁሉ ስለ አፏ ተጨነቁ እንጂ ስለ ስህተቷ አንድም ቃል አላነሡም። እሷ ግን ታውቀዋለች። ከፈተናው በኋላ ስሌቱን ደጋግማ ሠርታ የሳተችበትን ቦታ አግኝታዋለች፤ ከማፈሯ የተነሣ ለማንም አልተናገረችውም እንጂ።

«ከጳጉሜን ላይ ነው» አለች። «ስድስተኛዋ ቀን የምትጨመረው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ነው። በማግሥቱ ዮሐንስ ስለሚገባ ለኔ የዮሐንስ መሰለችኝ። የሉቃስን ቀን ለዮሐንስ ሰጠሁት። ከዚያ የዮሐንስ ዓመት በሙሉ በአንድ ቀን ተዛነፈብኝና…» ድምፅዋ አነሰ። «ፋሲካን ሰኞ አዋልኩት።»

መምህሩ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው፤ ትብለጥም እያለቀሰች አብራ ሳቀች። ከዚያ ያንኑ ስሌት እንደገና ሰጧት። መሬቱን በጣቷ እየጫረች ሠርታ ፋሲካን እሑድ ላይ አሳረፈችው።

«ግቢ» አሏት።

ትብለጥ አሁንም ግራ እንደገባት ነበር። «ዝም ብል ኖሮስ፣ የኔታ?»

«መብትሽ ነው፤ አልቀየምሽም ነበር። ከጀማሪዎቹ ጋር አስቀምጬ ጳጉሜን ምን እንደሆነች አስተምርሽ ነበር። ‹ሁለት› ብለሽ ብቻ ብታቆሚም ያው ነው፤ ሁለት ለኔ ምን ይነግረኛል? አሁን ግን ከየት እንደምጀምርልሽ ዐወቅሁ።»

ልትገባ ስትል ከኋላዋ የተሰለፈ ጎልማሳ ነጠላዋን ያዝ አደረገ። «እኔም ዝቅተኛ ነው ያመጣሁት» አላት በሹክሹክታ። «ልናገር ወይስ ዝም ልበል?»

አንድ ተረት ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችውና፣ «ከምን ላይ ነው የወደቅኸው?» ብላው ገባች።

ወዳጆቼ፣ ዝቅተኛ ውጤትን መናገርና አለመናገር እንደ ጠያቂውም እንደ ጊዜውም ነው። በዚህ ላይ ቁርጥ ያለ ነገር ልነግራችሁ አልችልም፤ ዳኛውም አልቻሉም። ዝም ማለት በተፈቀደበት ቦታ ዝም ያለ ሰው አልዋሸም። ክፋቱ ግን ከሰው የደበቅነውን ስህተት ውሎ አድሮ ከራሳችንም እንደብቀዋለን፤ ያኔ ፋሲካችን ዕድሜ ልኩን ሰኞ ይውላል። ቁጥሩ መውደቃችንን ብቻ ይናገራል፤ ከምን ላይ እንደወደቅን መርምረን ማወቅ የኛ ፋንታ ነው።

እናንተስ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የወደቃችሁት ከምን ላይ ነበር?