«አልነሳ» ያለው መኪና

መነሳት ማለት ከተኙበት፣ ከተቀመጡበት ወይም ከወደቁበት ቀና ብሎ መቆም ነው። ሰው ከመኝታው ይነሳል፤ አቧራ ከመንገድ ይነሳል፤ ጠብ ከምንም ይነሳል። መኪና ግን በአራት ጎማው እንደቆመ፣ እዚያው በቆመበት ይነሳል። ይህን ልዩነት ልብ በሉ፤ የምነግራችሁ ሁሉ የመጣው እሱን ልብ ካለማለት ነው።

አራዊት ሲጠይቁ ብረት በሚመልስበት ዘመን፣ በአንድ ዳገት ወገብ ላይ ኤሊ ትኖር ነበር። ወንድ ልጇ ከዳገቱ ባሻገር እሁድ ሊያገባ ነው። «እናቴ ካልመረቀችኝ ሠርግ አልለውም» ብሎ ልኮባታል። ኤሊ የራሷን እግር ታውቀዋለች። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ከደላላው ቀበሮ ዘንድ ያገለገለ መኪና ገዛች።

«የነዳችው ርግብ ናት» አለ ቀበሮ። «ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤት። ሌላ መንገድ አታውቅም።»

መኪናውንም ከዳገቱ አናት፣ ከነዳጅ ማደያው አጠገብ ቁልቁል አንደርድሮ አምጥቶ በሯ ላይ አቆመላት።

«ሞተሩ ድምፅ የለውም እኮ» አለች ኤሊ ተደንቃ።

«ጨዋ መኪና እንዲህ ነው፣ እትዬ» አለ ቀበሮ፤ ሄደም።

አርብ ጠዋት ኤሊ ቁልፉን አዞረች። መኪናው አልነሳ አለ። ጎረቤት ተሰበሰበ።

«ምን አለ?»

«አልነሳ አለ።»

«አፍ አውጥቶ?»

«ያልተነሳ የተኛ ነው» አለ አውራ ዶሮ። «ይህ ደግሞ የእኔ ሙያ ነው።» ኮፈኑ ላይ ወጥቶ ሦስት ጊዜ ጮኸ። መንደሩ በሙሉ ተነሳ፤ መኪናው አልተነሳም።

ከኋላ በኩል የነዳጁ ማጠራቀሚያ ሰልባትዮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ፣ እኔ አንድ ነገር...»

«ቆይ አንተ» አለ አውራ ዶሮ። «ከፊት ያሉት ሳይናገሩ የኋላ አይናገርም።»

ቅዳሜ መካኒኳ ጦጢት መፍቻዋን ይዛ መጣች። ኮፈኑን ከፈተችና ወደ ውስጥ ጎንበስ አለች። «ከእናንተ መካከል አልነሳም ያለው ማነው?»

«ከእኔ አፍ አልወጣም» አለ ባትሪ። «መብራቱ ሲበራ አታዪም? ማስነሳት የሞተሪኖ ሥራ ነው።»

«ከትናንት ጀምሮ ስዞር የዋልኩት እኔ ነኝ» አለ ሞተሪኖ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ካንዴላን ጠይቂያት። እሳት የሚጠበቀው ከእሷ ነው።»

«እሳት አቅርቤያለሁ» አለች ካንዴላ። «የሚቃጠለውን ማቅረብ የሌላ ክፍል ሥራ ነው።»

«መልስ የሚያበዛ ዕቃ ያረጀ ዕቃ ነው» አለች ጦጢት፤ ካንዴላን ፈታቻት። ከዚያ ሞተሪኖን ፈታችው። ከዚያ ባትሪን ፈታችው።

«እኔ እንኳን የማውቀው...» አለ ሰልባትዮ ከኋላ።

«የኋላው ተራ ሰኞ ነው» አለች ጦጢት።

ሁሉንም መልሳ ስትገጥም ሦስት ብሎን ተረፋት። «ትርፍ ናቸው» ብላ ኪሷ ከተተቻቸው። ቁልፉ ዞረ። መኪናው አልነሳ አለ።

እሁድ ማለዳ አያ ጅብ መጣ። «ይገፋ» አለ። «በዕድሜዬ ተገፍቶ ያልሄደ አላየሁም።»

«ወደ ላይ ነው ወደ ታች?» አለች ኤሊ። «እኔ የምሄደው ወደ ላይ ነበር።»

«ገፊ መቼ ዳገት ይመርጣል፣ እትዬ? መሪውን ይያዙ።»

«ከመገፋቴ በፊት...» አለ ሰልባትዮ።

«የሚገፋ አይናገርም» አለ አያ ጅብ። ገፉት።

መኪናው እንደ ጨዋ፣ ያለ ድምፅ ወረደ፤ ወረደ፤ ዳገቱ እግር ሥር ደርሶ ቆመ። ጎረቤቶቹ እያለከለኩ ደረሱ።

«ሄደ እኮ» አለ አያ ጅብ።

«ሄደ» አለች ኤሊ። «አልተነሳም እንጂ።» ከዚያ ሌላ የሚጠየቅ ስላልቀረ ወደ ኋላ ዞረች። «አንተስ ምን ልትል ነበር?»

«ባዶ ነኝ፣ እትዬ» አለ ሰልባትዮ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዳገቱ አናት ጀምሮ።»



«ይህን በጊዜው ማመልከት ነበረበት» አለ አውራ ዶሮ።

«ማደያው የት ነው ያለው?» አለች ጦጢት። ሁሉም ቀና ብለው ወደ ላይ አዩ። ያኔ አውራ ዶሮ ሚስቱ እንቁላል ላይ መሆኗ ትዝ አለው። ጦጢትን ሌላ መኪና እየጠበቃት ነበር። አያ ጅብም ወገቡን ይዞ፣ በቀን መታየት እንደማይስማማው ተናገረ።

ከዳገቱ ባሻገር የሠርግ ከበሮ ይሰማ ጀመር። ኤሊ ከመኪናው ወረደች፤ በሩን ቆለፈች፤ ዳገቱን ተያያዘችው።

በዚያ አገር «የፊቱን ሲፈቱ፣ የኋላውን ሳቱ» መባል የተጀመረው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

ኤሊ ስትደርስ የሙሽሮቹ ሁለተኛ ልጅ ክርስትና ነበር። ሁሉንም አንድ ላይ መረቀቻቸው።