የትርንጎው ሽቶ ምስክር

በአላህ ስም ልጀምርና የሰማሁትን እንደሰማሁት ልንገራችሁ፤ የጎደለውን አሟልቶ የሚያውቀው እሱ ነው።

በግንብ በታጠረች አንዲት ጥንታዊ ከተማ ሐጂ ሹክሪ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። የሽቶ ተራው አሚን ናቸው፤ ወደ ገበያው የሚገባ ሽቶ ሁሉ መጀመሪያ በእሳቸው አፍንጫ ያልፋል ማለት ነው። ጠርሙሱን ከፍተው አንዴ ያሸቱና «ንጹህ ነው» ካሉ ንጹህ ነው፤ «ተቀላቅሏል» ካሉ ሻጩ ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል። ቃዲው እንኳ ከእሳቸው ቃል በኋላ ሌላ ምስክር አይጠሩም።

በዚያው ተራ ሸምሲያ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት የትርንጎ ሽቶ ትሸጥ ነበር። ልጣጩን ቀቅላ፣ እንፋሎቱን አቀዝቅዛ፣ ከላይ የሚንሳፈፈውን ጠብታ በላባ እየለቀመች ሁለት ሴት ልጆቿን ታሳድጋለች። ትርንጎ መቼም በሐዲስ መዓዛውም ጣዕሙም የተመሰገነ ፍሬ ነው። ሽቶው ጠርሙሱ ሲከፈት እንደ ደስተኛ እንግዳ ሮጦ ይመጣል፤ ምራቅ ያስውጣል፣ ያንቀላፋውን ያነቃል። ታዲያ አካሄዱም እንደ አመጣጡ ነው። ጠዋት የተቀባ ሰው ከሰዓት በኋላ በዓስር ሶላት ላይ ቢፈልገው አያገኘውም።

ይህችን ይዞ ነው ጃቢር የተነሳባት። ጃቢር ዑድ የሚባለውን መዓዛው የሚቆይ እንጨት የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ ደንበኞቹ ወደ ሸምሲያ ሲያዘነብሉ ቀናባት።

«ንጹህ ሽቶ ውሎ ያድራል» አለ ቃዲው ፊት ቀርቦ። «ይቺ ሴትዮ የሰሊጥ ዘይት በትርንጎ እያሸች ነው የምትሸጥልን።»

ቃዲውም ከዙህር ሶላት በኋላ ሰዉን ሰበሰቡና «ሐጂ ሹክሪ ያሽትቱት። ዘይት ካለበት ሴትየዋ ከተራው ትውጣ» አሉ።

ሰው ያላወቀው አንድ ነገር ነበር። በክረምቱ ሐጂ ሹክሪን ንዳድ ጥሏቸው ነበር። ንዳዱ ሲለቃቸው ማሽተታቸውን ይዞባቸው ሄደ። ይመለስልኛል እያሉ ዱዓ ሲያደርጉ፣ አዲስ ሽቶ የሚያመጣውንም «እስኪሻለኝ ጠብቅ» እያሉ ሲመልሱ ከርመዋል። ምስጢሩን የሚያውቁት አብሮ አደጋቸው ሙአዚኑ ሼህ ያሲን ብቻ ናቸው። እሳቸውም ወደ ገበያው ሲሄዱ ጠጋ ብለው አንሾካሾኩ።

«ንጹህ ነው በልና ገላግላት። እንደማታጭበረብር አንተም እኔም እናውቃለን።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ቸገረህ? የምትናገረው እውነት አይደል?»

«ሽቶው እውነት ሊሆን ይችላል፣ ምስክርነቱ ግን ውሸት ነው። ያላሸተትኩትን አሸተትኩ ብዬ ነገ አላህ ፊት በምን አፌ እቆማለሁ?»

«አፍህስ ደህና ነው፤ የጠፋው አፍንጫህ ነው!» አሉ ሼህ ያሲን ተናደው።

ጠርሙሱ መጣ። ሐጂ ሹክሪ ከፍተው እንደ ልማዳቸው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ምንም የለም፤ ውሃ ያሸተቱ ያህል ነው። ሸምሲያ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ዓይን ዓይናቸውን ታያለች። ጠርሙሱን ቀስ ብለው አስቀመጡት።

«ወገኖቼ፣ ከክረምቱ ንዳድ ወዲህ ማሽተት ተስኖኛል። ጽጌረዳውም ኩበቱም ለኔ አንድ ነው። በዚህ ሽቶ ላይ በአፍንጫዬ አልመሰክርም።»

ገበያው ተንጫጫ። «ሱብሃነላህ! የሽቶ ዳኛችን አፍንጫ የለውም!» ብሎ ጃቢር ሳቀ። ሸምሲያ ግን መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«አባባ፣ የቀሩኝ እርስዎ ነበሩ።»

«አብሽሪ ልጄ» አሏት። «የሞተው አፍንጫዬ ነው እንጂ እኔ አልሞትኩም።»

ከዚያ ነጭ ጥምጥማቸውን ፈተው ድንጋይ ላይ ዘረጉት። በአንዱ ጫፍ የሸምሲያን ሽቶ፣ በሌላው ጫፍ ከጎረቤት ሱቅ ያስመጡትን የሰሊጥ ዘይት ጠብ አደረጉ።

«ዘይት ጨርቅ ከያዘ አይለቅም። የትርንጎ ጠብታ ግን ንጹህ ከሆነ ደህና ሁኑ ሳይል ይሄዳል፤ ተፈጥሮው ነው። ፀሐይ ላይ ይዋል። ከዓስር በኋላ ዓይን ያለው ሁሉ ይየው።»

«ሽቶ በጨርቅ ሲዳኝ ዛሬ ገና አየሁ!» አለ ጃቢር።

«እኔም ያለ አፍንጫ ለዳኝነት ስቀመጥ ዛሬ ገና ነው። አብረን እንየው።»

ሽማግሌው የማንም እጅ እንዳይነካው በባዶ ራሳቸው ፀሐዩ ላይ ተቀምጠው ጠበቁት። ውሃ ቢያቀርቡላቸው ጠጡ፣ ጥላ ቢሏቸው እምቢ አሉ። የሼህ ያሲን የዓስር አዛን ተሰማ፤ ሰዉ በየተራ ሰግዶ ተመለሰ። የሰሊጥ ዘይቱ ሰፍቶ፣ ጨርቁን አወይቦ ቁጭ ብሏል። ቃዲው ሌላውን ጫፍ ወደ ብርሃን አንስተው አዩና ለጃቢር ሰጡት። ጃቢር ገለበጠው፣ መልሶ ገለበጠው፣ በጣቱም ዳሰሰው።

በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጠብታው የት ጋ ነበር ያረፈው?» አለ።

«እኔም ጠፍቶብኛል» አሉ ሐጂ ሹክሪ።

ሸምሲያ ከተራዋ አልተነሳችም። ሐጂ ሹክሪ ግን በዚያው ቀን «አሚንነቱን አፍንጫ ላለው ስጡት» ብለው ከወንበራቸው ወረዱ፤ ተስቢህ፣ የዱዓ መቁጠሪያ፣ እየሰኩና እየሸጡ መኖር ጀመሩ። ሸምሲያ በየጁሙዓው አንዲት ጠብታ የትርንጎ ሽቶ ትልክላቸዋለች፤ እሳቸውም ጢማቸውን ተቀብተው መስጊድ ይገባሉ። አንድ ቀን ሼህ ያሲን አላስችል አላቸው።

«አንተ ሰው፣ ለማታሸተው ሽቶ ምን ያደክምሃል?»

«ከጎኔ ለሚሰግደው ነው» አሏቸው።

እኔ ብዙ የተማርኩ አይደለሁም፤ ይህች ቃል ግን ከልቤ አትወጣም። ብዙዎቻችን ደግ ሥራ ሠርተን መዓዛውን እኛው ቀድመን ማሽተት እንፈልጋለን፤ ካልደረሰን ሥራው የጠፋ ይመስለናል። ሐጂ ሹክሪ በዚያች ቀን እንጀራቸውን የሚያሳጣቸውን እውነት ሲናገሩ ለእሳቸው የደረሳቸው የጃቢር ሳቅ ብቻ ነበር። መዓዛው የደረሰው ለሸምሲያና ለልጆቿ ነው። የጨርቁም ነገር እንደዚያው ነው፤ ንጹህ ሥራ እዚህ ነበርኩ ብሎ ምልክት አይተውም፣ የት እንዳረፈ የሚያውቀው አላህ ነው።

ለራሳችን ባይታወቀን እንኳ፣ ከጎናችን ለቆመው መዓዛው የሚደርስ ሥራ አላህ ይወፍቀን፣ ይስጠን። ኣሚን።